የተታለለ ሕዝብ፦ የፔይሲስትራቶስ አገዛዝና የአቴንስ ትዝታ

ቤንጃሚን ሜሪት የተባለው አሜሪካዊ የጽሑፈ ድንጋይ ሊቅ በ1939 እ.ኤ.አ. ከአቴንስ የጥንት አደባባይ፣ ከአጎራ፣ ቁፋሮ የወጣ አንድ የእብነ በረድ ስባሪ አሳተመ። በስባሪው ላይ የሚነበቡት ስድስት መስመሮች ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ስም ይዟል፤ የስሞቹ ራስ ወይም ጅራት ከድንጋዩ ጋር ተሰብሮ ጠፍቷል። ዝርዝሩ የአርኮኖች ነው፤ አርኮን ማለት ዓመቱ በስሙ የሚጠራበት የአቴንስ ሹም ነበር። በሁለተኛው መስመር ሂፒያስ፣ በሦስተኛው ክሌይስቴኔስ፣ በአራተኛው ሚልቲያዴስ ይላል። የሚልቲያዴስ የሹመት ዓመት 524/3 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) እንደሆነ ከሌላ ምንጭ ስለሚታወቅ የሌሎቹን ዓመት ወደላይና ወደታች ቆጥሮ ማግኘት ይቻላል። የአቴንስ ዓመት ከሐምሌ ገደማ ስለሚጀምር በሁለት ቁጥር ይጻፋል።

የእነዚህ ሦስት ስሞች ተከታትሎ መገኘት ብዙ ያጠናነውን ታሪክ አናግቷል። ሂፒያስ በዚያን ጊዜ አቴንስን የሚገዛው አምባገነን፣ የፔይሲስትራቶስ የበኩር ልጅ ነው። ክሌይስቴኔስ ደግሞ ከአልክሜዎናውያን ቤት የተወለደ፣ በ508/7 የአቴንስን ዴሞክራሲ ያዋቀረ ሰው ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስ ስለዚህ ቤት ሲጽፍ አልክሜዎናውያን አምባገነኖቹ በገዙበት ዘመን ሁሉ በስደት እንደኖሩ ይናገራል። ድንጋዩ ግን ሂፒያስ የ526/5 ሹመቱን ሲጨርስ ወንበሩን የተረከበው ክሌይስቴኔስ መሆኑን ይመሰክራል። የዴሞክራሲው አባት የአምባገነኑ ሹም ነበር ማለት ነው።

ሄሮዶቶስ ዋሸ አልልም፤ የነገሩትን ጻፈ። ጥያቄዬ የሚመለከተው ነጋሪዎቹን ነው። አቴናውያን ስለ ፔይሲስትራቶስ የተረኩትን አንድ ላይ አሰባስቦ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል፤ ሰውየው ሥልጣን የያዘባቸውና ያጸናባቸው ታሪኮች በሙሉ ማለት ይቻላል የማታለል ታሪኮች ናቸው። ራሱን አቁስሎ አታለለ። ቁመተ ረጅም ሴት አምላክ አስመስሎ አታለለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየተናገረ ከጀርባ መሣሪያ ሰበሰበ። በሁሉም ውስጥ ገዢው ብልጥ፣ ሕዝቡ የዋህ ነው። እንደ እኔ አመለካከት እነዚህ ትረካዎች ስለ አምባገነኑ ከሚነግሩን ይበልጥ ስለ ተራኪዎቹ ይነግሩናል። የተታለለ ሰው አይጠየቅም። በጉባኤ እጁን ያወጣ፣ ሹመት የተቀበለ፣ ከገዢው እጅ ብድር የወሰደ ሰው ግን ይጠየቃል። ዴሞክራሲያዊቷ አቴንስ ይህን ጥያቄ መሸሽ ነበረባት፤ የሸሸችውም በተረት ነው።

ፔይሲስትራቶስ የሂፖክራቴስ ልጅ ነው፤ አገሩ በምሥራቅ አቲካ፣ በብራውሮን አካባቢ ነው። ቤተሰቡ የዘር ሐረጉን እስከ ፒሎሱ ንጉሥ እስከ ኔሌዎስ ይቆጥር ነበር። ስም ያተረፈው ከጎረቤት ከተማ ከሜጋራ ጋር በተደረገ ጦርነት የኒሳያን ወደብ በመያዙ ነው። ያኔ ሶሎን በ594/3 ያወጣቸው ሕጎች አንድ ትውልድ ያህል ሆኗቸው ነበር። ሶሎን ዕዳ ሰርዟል፤ በዕዳ ባርነት የወደቁትንም ነጻ አውጥቷል፤ መሬት ግን አላከፋፈለም። ባላባቶቹ እርስ በርስ መሻኮታቸውን ቀጠሉ። የሜዳውን ወገን ሊኩርጎስ፣ የባሕር ዳርቻውን ወገን የአልክሜዎን ልጅ ሜጋክሌስ ይመሩ ነበር። ፔይሲስትራቶስ ሦስተኛ ወገን አቋቋመ፤ ከተራራው ወዲያ ያሉትን። በአሪስቶትል ስም የሚታወቀው “የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት” እንደሚለው፣ ያበደሩት ገንዘብ ተሰርዞባቸው የደኸዩና በትውልዳቸው ምክንያት ዜግነታቸው እንዳይነጠቅ የሚፈሩ ሰዎች ከእሱ ጋር ተሰልፈዋል። ይህ ዝርዝር ትንሽ ይመስላል፤ ግን ገና ከመነሻው የፔይሲስትራቶስ ተከታዮች የሚያጡትና የሚያገኙት ነገር ያላቸው፣ የሚፈልጉትን የሚያውቁ ሰዎች እንደነበሩ ያሳያል።

በ561/0፣ ኮሜያስ አርኮን በነበረበት ዓመት፣ ፔይሲስትራቶስ ራሱንና በቅሎዎቹን አቁስሎ ሠረገላውን እየነዳ ወደ አደባባዩ ገባ፤ ወደ እርሻው ሲሄድ ጠላቶቹ ሊገድሉት እንደነበር ተናገረ። ሕዝቡ ጠባቂዎች ፈቀደለት። ጦር ሳይሆን ቆመጥ የያዙ ሰዎች ነበሩ። በእነሱ ታጅቦ የከተማዋን አምባ፣ አክሮፖሊስን፣ ያዘ። ታሪኩን ሁላችንም የምናነበው እንደ ብልጠት ታሪክ ነው፤ ዓይናችን የሚያርፈው ቁስሉ ላይ ነው። ዓይናችንን ወደ ጉባኤው ብናዞር ሌላ ነገር እናያለን። ጠባቂዎቹ የተፈቀዱት በውሳኔ ነው፤ ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ስም እንኳ ተጽፎ ቀርቶልናል፤ አሪስቲዮን ይባላል። ጉባኤ ተጠርቷል፣ ክርክር ተደርጓል፣ ድምፅ ተሰጥቷል። ሄሮዶቶስም ቢሆን ሥልጣን ከተያዘ በኋላ የነበሩት ሹመቶች እንዳልተነኩ፣ ሕጎቹም እንዳልተለወጡ፣ ከተማዋም በደንብ እንደተዳደረች ይመሰክራል።

በዚያ ጉባኤ ሶሎን ተቃውሟል። ሽማግሌ ነበር። እንደተተረከልን፣ ከአንዳንዶቹ በብልህነት፣ ከሌሎቹ በድፍረት እንደሚበልጥ ተናገረ፤ የፔይሲስትራቶስን ዓላማ ካልተረዱት ይልቅ ብልህ፣ ተረድተው ዝም ካሉት ይልቅ ደፋር ነኝ ማለቱ ነው። አልሰማ ሲሉት መሣሪያውን አውጥቶ ከደጁ ፊት አስቀመጠ፤ ለአገሬ የምችለውን አድርጌአለሁ፣ የቀረው የሌሎች ነው ለማለት። በዚህ ንግግር ውስጥ ሶሎን አቴናውያንን ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ ያልገባቸውና ገብቷቸው ዝም ያሉ። ከዚያ በኋላ በተተረኩት ታሪኮች ሁሉ የመጀመሪያዎቹ ብቻ ቀርተዋል። ሁለተኞቹ ከትዝታ ወጥተዋል፤ እኔ የምፈልገው እነሱን ነው።

ሊኩርጎስና ሜጋክሌስ ተባብረው ፔይሲስትራቶስን አባረሩት። ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ተጣሉ፤ ሜጋክሌስ ለተባረረው ሰው ልጄን ካገባህ ሥልጣንህን አስመልስልሃለሁ ብሎ ላከበት። የፊዬ ታሪክ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፊዬ ከፓያኒያ መንደር የተገኘች መልከ መልካም ሴት ነበረች፤ ቁመቷ፣ ሄሮዶቶስ እንደለካው፣ ከአራት ክንድ ሦስት ጣት ብቻ የጎደለው ነው። የጦር ልብስ አለበሷት፤ በሠረገላ ላይ እንዴት እንደምትቆም አሳዩአት፤ ወደ ከተማዋም ይዘዋት ገቡ። አዋጅ ነጋሪዎች ከፊት እየሮጡ፣ እንስት አምላክ አቴና ራሷ ፔይሲስትራቶስን ወደ አክሮፖሊሷ እየመለሰችው ስለሆነ በደስታ ተቀበሉት ብለው አወጁ። ወሬው በየመንደሩ ተዳረሰ፤ የከተማው ሰውም ሴቲቱን አምላክ ነች ብሎ ሰገደላት።

ሄሮዶቶስ በዚህ ቦታ ይቆጣል። ግሪኮች ከጥንት ጀምሮ ከሌላው ሕዝብ በብልህነት ይለያሉ ይባላል፣ አቴናውያን ደግሞ ከግሪኮች ሁሉ በብልህነት ቀዳሚ ናቸው ይባላል፤ ታዲያ በዚህ ቂል ዘዴ እንዴት ተታለሉ እያለ ይጠይቃል። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ግን አልተታለሉም የሚል ሊሆን እንደሚችል አላሰበም። ፓያኒያ ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ ከሂሜቶስ ተራራ ማዶ ያለች መንደር ነች፤ እንደዚህ የምትረዝም ሴት ባለችበት ወረዳ ማን ነች ሳይባል አይቀርም። በኋላ የመጡ ተራኪዎች ፊዬን ከትራቄ የመጣች የአበባ ጉንጉን ሻጭ አድርገዋታል። ይህ ለውጥ የሚገርም ነው። ጎረቤት የሆነችን ሴት አምላክ ነች ብሎ መስገድ አሳፋሪ ስለሚሆን ሴቲቱ ባዕድ ተደረገች።

ደብሊው. አር. ኮነር በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ይህን ትዕይንት እንደ ማጭበርበር ሳይሆን ተመልካቹም ተዋናይ እንደሆነበት የአደባባይ ሥርዓት እንድናነበው ሐሳብ አቅርቧል። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ፤ እንዲያውም አንድ እርምጃ ልጨምር። በበዓል ሠልፍ አንድ ሰው የአምላክን ልብስ ለብሶ ሲያልፍ ሕዝቡ ሰውየውን ያውቀዋል፤ አውቆም ይሰግዳል። ፊዬን ያየው አቴናዊ ከሠረገላው በስተኋላ ያለውን ስምምነት ያውቅ ነበር፤ ሜጋክሌስና ፔይሲስትራቶስ ታርቀዋል፣ ጋብቻ ተዋውለዋል፣ ጠቡ በርዷል። ከሠረገላው ፊት እጁን ሲያነሳ ለዚያ ዕርቅ ድምፁን መስጠቱ ነበር። በመቶ ዓመት ውስጥ ዕርቁ ተረሳ፤ የቀረው ሠረገላው ብቻ ነው። ሠረገላው ብቻውን ሲታይ ደግሞ በእርግጥ ቂልነት ይመስላል።

ስምምነቱ የፈረሰው በጋብቻው ምክንያት ነው። የሜጋክሌስ ቤት ቀደም ሲል ሥልጣን ለመያዝ ሞክሮ ያልተሳካለትን የኪሎንን፣ መሠዊያ ተጠግተው የነበሩ ተከታዮች በማስገደሉ የተረገመ ነው ይባል ነበር። ፔይሲስትራቶስ ደግሞ ያደጉ ወንዶች ልጆች ነበሩት፤ ከተረገመ ቤት ሌላ ወራሽ አልፈለገም። ስለዚህ ከልጅቷ ጋር እንደ ባልና ሚስት ወግ አልተገናኘም። ልጅቷ ለእናቷ ነገረች፣ እናት ለአባት። ሜጋክሌስ ውርደቱን ዋጥ አላደረገም፤ ከቀድሞ ጠላቶቹ ጋር ታረቀ፤ ፔይሲስትራቶስም አገር ጥሎ ወደ ኤሬትሪያ ሄደ።

በስደት የቆየባቸው አሥር ዓመታት ፔይሲስትራቶስን ሌላ ሰው አደረጉት። በሰሜን፣ በፓንጋዮን ተራራ አካባቢ፣ ከብርና ወርቅ ማዕድን ገንዘብ አገኘ፤ በገንዘቡ ወታደር ቀጠረ። ቴባውያን ብዙ ገንዘብ ሰጡት፣ ከአርጎስ ቅጥረኞች መጡ፣ ሊግዳሚስ የተባለ የናክሶስ ሰው ገንዘብና ሰው ይዞ ተቀላቀለው። በ546 ለኢትዮጵያ አንባቢ በሩጫው ስሙ በተለመደው በማራቶን ዳርቻ ጦሩን አወረደ። ከተማዋ ገንዘብ ሲሰበስብ አልተጨነቀችም፤ ማራቶንን ሲይዝም አልተጨነቀችም፤ የተነሣችው ወደ አቴንስ መገስገስ ሲጀምር ነው። በፓሌኔ ሲገናኙ አቴናውያን ምሳቸውን በልተው ገሚሱ ዛራ ይጫወቱ ገሚሱ ተኝተው ነበር ይላል ሄሮዶቶስ። ጦራቸው ወዲያው ተበተነ። ፔይሲስትራቶስ ልጆቹን በፈረስ ልኮ የሚሸሹትን አትፍሩ፣ እያንዳንዳችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ አሰኛቸው። ግቡ የተባሉትም ገቡ።

በዚህ ትረካ መካከል ሄሮዶቶስ በአንድ ሐረግ የሚያልፈው እውነት አለ። በማራቶን ሰፍሮ ሳለ ከከተማም ከገጠርም ሰዎች ወደ ፔይሲስትራቶስ ይጎርፉ ነበር፤ ለእነሱ ከነጻነት ይልቅ የአንድ ሰው አገዛዝ የሚሻል ነበር ይላል። እነዚህ ሰዎች አልተታለሉም። መርጠው ሄዱ። ከምሳ በኋላ የተኛውም ጦር በእኔ ግምት ሰነፍ ወይም ሞኝ አልነበረም፤ ለመዋጋት ልቡ ያልተነሣ ጦር ነበር። የሶሎን ሁለተኛ ወገን ለአንድ ቅጽበት የሚታየው እዚህ ነው።

ሦስተኛው የማታለል ታሪክ መሣሪያ ማስፈታቱ ነው፤ እዚህ ላይ ምንጮቹ እርስ በርስ ይጣላሉ። እንደ “የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት” ከሆነ ፔይሲስትራቶስ ሕዝቡን ከነመሣሪያው በቴሴዎስ መቅደስ ሰብስቦ በዝቅተኛ ድምፅ መናገር ጀመረ። አልሰማንም ሲሉት ወደ አክሮፖሊስ መግቢያ በር ቀረብ በሉ አላቸው። እሱ ሲናገር ሰዎቹ መሣሪያውን ሰብስበው ቆለፉበት። ንግግሩን ሲጨርስ የሆነውን ነገራቸውና ወደየቤታችሁ ሂዱ፣ የራሳችሁን ጉዳይ ተከታተሉ፣ የአገሩን ጉዳይ ለእኔ ተዉት አላቸው። የታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ ግን አቴናውያን በ514 በዓል ላይ፣ ፔይሲስትራቶስ ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ በኋላ፣ መሣሪያ ይዘው ይሰለፉ እንደነበርና ያስፈታቸው ሂፒያስ እንደሆነ ይጽፋል። ያው “የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት” ደግሞ በመሣሪያ መሰለፍ በኋላ በዴሞክራሲ ዘመን የመጣ ልማድ ነው ብሎ የቱሲዲደስን ትረካ ይክዳል። ሁለቱ በሁሉም ነገር ተለያይተው በአንዱ ይስማማሉ፤ ሕዝቡ መሣሪያውን ያጣው ተዘናግቶ ነው። በእጁ መሣሪያ እያለ ዝም አለ የሚለውን ግን ሁለቱም አይተርኩትም።

ወደ አገዛዙ ዕለታዊ አሠራር ስንመጣ ብልሃቱ ይቀርና ውሉ ይታያል። ፔይሲስትራቶስ ለድሃ ገበሬዎች ለሥራ የሚሆን ገንዘብ ያበድር ነበር። በየመንደሩ የሚዞሩ ዳኞች ሾመ፤ ራሱም እየወጣ ገጠሩን ይጎበኝ፣ የተጣሉትን ያስታርቅ ነበር። “የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት” ምክንያቱን በግልጽ ይነግረናል፤ ገበሬዎቹ በከተማ ከመዋል ይልቅ በየእርሻቸው ተበታትነው እንዲኖሩ፣ ኑሯቸው መካከለኛ ሆኖ በራሳቸው ጉዳይ ተጠምደው ለአገር ጉዳይ ፍላጎትም ጊዜም እንዳይኖራቸው ነው። ከምርቱ አንድ አሥረኛ ይወስድ ነበር። አንድ ቀን በሂሜቶስ ተዳፋት ድንጋይ ብቻ የሚቆፍር ገበሬ አይቶ ከዚህ መሬት ምን ታገኛለህ ብሎ አስጠየቀው። ገበሬው ማን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሕመምና ሥቃይ ነው የማገኘው፣ ፔይሲስትራቶስ የሕመሙንም አሥራት ይውሰድ የሚል መልስ ሰጠ። ገዢው በድፍረቱ ተደስቶ ከግብር ነጻ አደረገው።

ይህን የገበሬ ታሪክ የምናውቀው በገበሬ ሒሳብ ጀርባ መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። “የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት” ለብዙ ዘመናት የጠፋ መጽሐፍ ነበር። ከግብፅ የተገኘውን የፓፒረስ ጥቅልል የብሪታንያ ሙዚየም ገዛ፤ ፍሬድሪክ ኬንየን በ1891 እ.ኤ.አ. አሳተመው። በጥቅልሉ ፊት ላይ በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በሄርሞፖሊስ አካባቢ የነበረ የአንድ እርሻ አስተዳዳሪ የገቢና የወጪ ሒሳብ ተጽፏል። ወረቀቱ ካረጀ በኋላ ሌሎች ሰዎች ጀርባውን ለመጽሐፉ ተጠቀሙበት። ስለ አሥራቱ፣ ስለ ብድሩና ስለ ዞሪ ዳኞቹ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተረፈው በዚያ ጀርባ ነው።

ብድሩንና ዳኝነቱን ሕዝቡ ወደደው፤ ያ ዘመን በኋላ የክሮኖስ ዘመን፣ ማለትም የጥንቱ የተድላ ዘመን፣ ተብሎ ይጠራ እንደነበር ተጽፏል። ፔይሲስትራቶስን መልካም ንጉሥ አድርገው የሚያቀርቡ ዘመናዊ ጸሐፊዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኔ ማቆም አልችልም። የታላላቅ ቤተሰቦች ልጆች መያዣ ሆነው በናክሶስ ሊግዳሚስ ዘንድ ተቀምጠዋል። የሚልቲያዴስ አባት ኪሞን በስደት ሳለ በኦሎምፒያ በአራት ፈረስ ሠረገላ አሸነፈ፤ ሁለተኛውን ድል በፔይሲስትራቶስ ስም አሳወጀና ወደ አገሩ እንዲመለስ ተፈቀደለት። በእነዚያው ፈረሶች ለሦስተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ፔይሲስትራቶስ ሞቶ ነበር፤ ልጆቹ በከተማው አዳራሽ አጠገብ በሌሊት አስገደሉት። ፈረሶቹም ከመቃብሩ ፊት ለፊት ተቀበሩ። የሟቹ ልጅ ሚልቲያዴስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ524/3 አርኮን ሆነ፤ ያም ስም በስባሪው ድንጋይ አራተኛ መስመር ላይ ያለው ነው። የአባትን ደም በሹመት መሸፈን፣ ሹመቱንም መቀበል፣ የውሉ ሌላኛው ገጽ ይህ ነበር።

ስለ ባህሉ ብዙ ተጽፏልና በአጭሩ ልለፈው። የሂፒያስ ወንድም ሂፓርኮስ ባለቅኔውን አናክሬዎንን ሃምሳ ቀዛፊ ባለው መርከብ አስመጣ፣ ሲሞኒዴስንም በስጦታ አቀረበ፤ በፕላቶ ስም በቆየ አንድ ውይይት መሠረት የሆሜር ግጥሞች በታላቁ በዓል በቅደም ተከተል እንዲነገሩ ያደረገ እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከክርክሬ ጋር ይገናኛል። ኦኖማክሪቶስ የተባለ የትንቢት ሰብሳቢ በጥንታዊ ትንቢት መሀል የራሱን ሲያስገባ እጅ ከፍንጅ ተያዘ። ከአቴንስ ያባረረው ወዳጁ የነበረው ሂፓርኮስ ነው። በዚህ ቤተሰብ ዙሪያ በስሙና በያዢው ተለይቶ የተመዘገበ ማጭበርበር ቢኖር ይህ ነው፤ ቀጪው የአምባገነኑ ወንድም ነበር።

ፔይሲስትራቶስ በ528/7 በሕመም ሞተ። በ514 ሃርሞዲዮስና አሪስቶጌይቶን ሂፓርኮስን ገደሉ። ምክንያቱ የፍቅርና የክብር ነበር። ሂፓርኮስ ሃርሞዲዮስን ፈልጎ አልተሳካለትም፤ ከዚያም እህቱን በበዓል ሠልፍ ቅርጫት ተሸካሚ እንድትሆን አስጠርቶ አትገባም ብሎ አዋረዳት። ገዳዮቹ ዋናውን ገዢ ሂፒያስን አስበው መጡ፤ ከሤራው ተባባሪዎች አንዱ ከሂፒያስ ጋር ሲያወራ አይተው ተጋለጥን ብለው ደነገጡ፣ ባገኙት ላይ ዘመቱ። አገዛዙ አልወደቀም፤ አራት ዓመት ቀጠለ፣ ከበፊቱም ከፋ። በ510 የጣለው የስፓርታ ንጉሥ ክሌኦሜኔስ ነው። ስፓርታን ደጋግሞ አቴንስን ነጻ አውጪ ያለው የዴልፊ ትንቢት ነበር፤ የዴልፊን መቅደስ ሥራ ወስደው ፊቱን ከውሉ አልፈው በፓሮስ እብነ በረድ ያሠሩት፣ ትንቢተኛዋንም በገንዘብ አባበሉ የተባሉት አልክሜዎናውያን ነበሩ። ከአክሮፖሊስ ሊያሸሹ ሲሉ ልጆቻቸው የተያዙባቸው አምባገነኖች በአምስት ቀን ውስጥ አቲካን ለቀው ለመውጣት ተስማሙ።

ከተማዋ ግን ሐውልት ያቆመችው ለሁለቱ ገዳዮች ነው። የመጀመሪያውን አንቴኖር ሠራው፤ የፋርስ ንጉሥ ክሴርክሴስ በ480 ማርኮ ሲወስደው በ477/6 ክሪቲዮስና ኔሲዮቴስ ሌላ ሠሩ። የገዳዮቹ ዘሮች በከተማው አዳራሽ በሕዝብ ወጪ የመመገብ መብት አገኙ። ቱሲዲደስ በስድስተኛው መጽሐፉ የሲሲሊን ዘመቻ አቋርጦ፣ አቴናውያን ስለ ራሳቸው አምባገነኖች እንኳ ትክክለኛውን አያውቁም ብሎ ይህን ሁሉ ያርማል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ክፍል ከቦታው የወጣ ይሉታል። ለእኔ ከመጽሐፉ እጅግ አስፈላጊ ገጾች አንዱ ነው። ምክንያቱም ሁለቱ ሐሰቶች ጥንድ መሆናቸውን የሚያሳየው እሱ ነው፤ ተታልለን ገባንበት፣ በራሳችን ክንድ ወጣንበት።

ቱሲዲደስ ማስረጃ አድርጎ ያቀረበው አንድ መሠዊያ ነው። የሂፒያስ ልጅ ትንሹ ፔይሲስትራቶስ በአርኮንነቱ ዘመን ሁለት መሠዊያ አቆመ፤ አንዱን በአጎራ ለአሥራ ሁለቱ አማልክት፣ ሌላውን በፒቲዮን ለአፖሎ። የአጎራውን ሕዝቡ በኋላ ሲያስረዝመው ጽሑፉን አጠፋው። የአፖሎው ግን በደበዘዙ ፊደላት እስካሁን ይነበባል ይላል። ይህ ድንጋይ በ1877 እ.ኤ.አ. በኢሊሶስ ወንዝ አጠገብ ተገኘ። ፊደላቱ ጥልቅና ጥርት ያሉ ናቸው፤ ቱሲዲደስ የደበዘዘ ያለው ምናልባት በውስጣቸው የነበረውን ቀለም ይሆናል። በአጎራው መሠዊያ ላይ የሆነው ደግሞ ነገሬን በአንድ ቦታ ይሰበስበዋል። ሕዝቡ መሠዊያውን አላፈረሰም፤ አሰፋው። ከከተማዋ የሚወጡ መንገዶች ርቀት የሚለካው ከዚያ ነበር፤ ሄሮዶቶስ ራሱ በግብፅ ያለን ርቀት ሲያስረዳ ከዚህ መሠዊያ እስከ ኦሎምፒያ ያለውን መንገድ ያመሳስላል። የጠፋው የሰጪው ስም ብቻ ነው።

በ490 ሂፒያስ አርጅቶ ከፋርስ ጦር ጋር ተመለሰ። አባቱ ከ50 ዓመት በላይ በፊት ጦሩን ባወረደበት በማራቶን የፋርስን መርከቦች ራሱ እየመራ አስጠጋ። ሲያስነጥስና ሲያስል የላላ ጥርሱ ወልቆ አሸዋ ውስጥ ገባ፤ ፈልጎ አጣው፤ ከዚህ ምድር የእኔ ድርሻ ጥርሴ የያዘው ያህል ነው አለ ይባላል። የሚጎርፍለት ሰው አልመጣም። አቴናውያን ተዋግተው አሸነፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ488/7፣ በገል ስባሪ ላይ ስም እየተጻፈ ሰው ለአሥር ዓመት ከአገር የሚወጣበት ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራበት። የወጣው የካርሞስ ልጅ ሂፓርኮስ፣ የአምባገነኖቹ ዘመድ ነው። “የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት” ለምን እስከዚያ እንደቆየ ያስረዳል፤ በሁከቱ ጊዜ በወንጀል ያልተባበሩ የአምባገነኖቹ ወዳጆች ሁሉ እንደ ሕዝቡ የተለመደ ገርነት በከተማዋ እንዲኖሩ ተፈቅዶላቸው ነበር፣ የእነሱም መሪ ይህ ሂፓርኮስ ነበር ይላል። ከ510 እስከ 488 ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በእነዚያ ዓመታት በአጎራው የሚዞሩት የገዢው ወዳጆች ለማንም እንግዳ አልነበሩም፤ ብድር የወሰዱም፣ ልጃቸው መያዣ ሆኖ የተወሰደባቸውም፣ ሹመት የተቀበሉም በዚያው አደባባይ ይገናኙ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ የቀድሞው አርኮን ክሌይስቴኔስ፣ ዴሞክራሲውን አዋቅሯል፤ ይኸው ምንጭ እንደሚለው የገሉን ሕግም ያወጣው እሱ ነው።